የቤት ጠጋኙ ተመልሶ ሲመጣ ሒሳቡ የማን ነው?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ (ሱ.ወ) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉት ሁሉ ላይ ይውረድ።



የዛሬው ርእሳችን በጁሙዓ ኹጥባ ላይ ብዙም የማይነሳ፣ ነገር ግን የሁላችንንም ደጃፍ የሚያንኳኳ ጉዳይ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ አናጢ፣ ቀለም ቀቢ ወይም የጣሪያ ጠጋኝ ቤታችን ይመጣል። ሥራውን ይሠራል፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ጥቂት ቀናት ያልፉና የተጠገነው ነገር መልሶ ይበላሻል። እንደውላለን፤ ይመጣል። ለዚህ ለሁለተኛው መምጣቱ ገንዘብ መጠየቅ ይገባዋልን? እኛስ «አንከፍልም» ማለት ይገባናልን?

አንዳንድ ሰው ይህ የሰፈር ጭቅጭቅ እንጂ የዲን ጉዳይ አይደለም ይል ይሆናል። ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲህ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በኢማም ሙስሊም ዘገባ እውነተኛው ከሳሪ ማን እንደሆነ ለሰሓቦች ሲያስረዱ፣ በቂያማ ቀን ሰላቱን፣ ጾሙንና ዘካውን ይዞ የሚመጣ፣ ነገር ግን የዚህን ገንዘብ የበላ፣ ያንን የሰደበ፣ ሌላውን የመታ ሰው መሆኑን ነግረዋቸዋል። መልካም ሥራው ለባለ ሐቆች ይከፋፈልበታል። እንግዲህ የአንድ ቧንቧ ጥገና ሒሳብ ከዚህ መዝገብ ውጭ ነው የሚል ማን ነው? ባለሙያው ያለ አግባብ የተቀበለው ብር ወደ ልጆቹ አፍ ይገባል። ባለቤቱም ያለ አግባብ የከለከለው ብር ከእጁ አይወጣም፤ በእርሱ ላይ እንደተጻፈ ይቆያል።

ሁለቱም ወገን ሐቅ አለኝ ይላል

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንዲት እናት የወጥ ቤታቸው ቧንቧ ያንጠባጥባል። ባለሙያ ያስመጣሉ። ለእጁ ብቻ 1,000 ብር ይስማማሉ፤ ዕቃውን እርሳቸው ያስገዛሉ። በሰባተኛው ቀን ያው ቧንቧ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ባለሙያው ተመልሶ ይመጣና ሲጨርስ «የመምጫዬንና የእጄን» ይላል።

እናትየዋ «ልጄ፣ እኔ የከፈልኩህ እንዲቆም ነው እንጂ መጥተህ እንድታየው አይደለም» ይላሉ። ባለሙያው ደግሞ «እማማ፣ እኔም ዛሬ ሌላ ሥራ ትቼ ነው የመጣሁት፤ የታክሲም ከፍያለሁ፤ ልጆች አሉኝ» ይላል። ውድ አድማጮች፣ የሁለቱም ንግግር ለሰሚው እውነት ይመስላል። ማን ሐቅ እንዳለው ለመለየት ግን ሦስት ነገሮችን ማጣራት ያስፈልጋል፤ ውሉ ምን ላይ ነበር? ብልሽቱ ከምን መጣ? ከሥራው በፊትስ ምን ተነጋግረው ነበር?

በመጀመሪያ ውሉን ማወቅ

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳህ መጀመሪያ አንቀጽ ላይ ምእመናንን ውሎቻቸውን እንዲሞሉ አዟል። ውልን ለመሙላት ደግሞ ውሉ ምን እንደነበረ ማወቅ ግድ ነው።

የፊቅህ ዑለማኦች ስለ ኢጃራ፣ ማለትም ስለ ቅጥርና ኪራይ ውል ሲያስተምሩ፣ ሠራተኛን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው «አጂሩን ኻስ» የሚባለው ነው። ይህ ጊዜውን ለአንድ ሰው የሸጠ፣ እኛ በቀን ወይም በወር የምንለው ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው «አጂሩን ሙሽተረክ» ይባላል። ይህ ለብዙ ሰዎች የሚሠራ፣ ሒሳቡም በሚያስረክበው ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው፤ እኛ በቁርጥ ወይም በኮንትራት የምንለው ማለት ነው። ከ1869 እስከ 1876 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የተጠናቀረው የዑስማኒያ መንግሥት ሕግ «መጀላ» ይህንኑ ክፍፍል አስፍሮታል።

ይህ ክፍፍል ለጥያቄያችን ትልቅ መልስ ይሰጣል። ባለሙያውን በቀን ሒሳብ ቀጥራችሁት ቀኑን ሙሉ በታማኝነት ከሠራ፣ ሥራው ሳይጠናቀቅ ቢመሽም የቀኑ ሒሳብ ይገባዋል፤ በማግስቱ ሲመጣም የማግስቱን ይወስዳል። የሸጠላችሁ ቀኑን ነውና። ነገር ግን «ይህ ቧንቧ ማንጠባጠቡን እንዲያቆም በ1,000 ብር» ብላችሁ ከተዋዋላችሁ የሸጠላችሁ ውጤቱን ነው። ውጤቱ ካልተገኘ ሥራው አልተረከበም። ስለዚህ ተመልሶ ሲመጣ ያላለቀውን የመጀመሪያ ሥራ ለመጨረስ ነው እንጂ አዲስ ሥራ ለመሥራት አይደለም። ከምሳሌያችን እናት ጋር የነበረው ውል እንዲህ ያለው ነው።

የሀገራችን ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2610 ላይ የሥራ ተቋራጭን ውል ሲተረጉም፣ አንዱ ወገን በራሱ ኃላፊነት አንድን ሥራ ሠርቶ ሊያስገኝ፣ ሌላውም ዋጋውን ሊከፍል የሚገቡት ውል መሆኑን ይገልጻል። ውጤቱና ኃላፊነቱ በሠሪው በኩል ናቸው።

ሐቅ እና ፈድል

እዚህ ላይ አንድ ሌላ መለየት የሚገባው ነገር አለ። ሐቅ ሌላ፣ ፈድል ሌላ ነው። ሐቅ ማለት ባለ ዕዳው ሊከፍለው ግድ የሆነበት ነው። ፈድል ማለት ደግሞ ሰው ሳይገደድ በመልካምነቱ የሚጨምረው ነው። ብዙው ጭቅጭቅ የሚመጣው አንዱ ሐቅ የሆነውን እንደ ፈድል፣ ሌላውም ፈድል የሆነውን እንደ ሐቅ ሲቆጥር ነው።

ቁርኣን ይህንን በነቢዩሏህ ሙሳ (ዐ.ሰ) ታሪክ ያስተምረናል። በሱረቱል ቀሰስ እንደተተረከው የመድየኑ አዛውንት ሙሳን ለሥራ ሲቀጥሯቸው ግዴታው ስምንት ዓመት ነበር። አሥር ከሞሉት ግን ሁለቱ ዓመት ከሙሳ በጎነት እንደሚሆን፣ አዛውንቱም ሊያስቸግሯቸው እንደማይሹ አስቀድመው ተናግረዋል። ግዴታውና በጎነቱ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተለያይተው ተነገሩ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ)፣ ኢማም ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ሙሳ ረጅሙን ጊዜ እንደሞሉ ተናግረዋል። ማንም ሳያስገድዳቸው ጨመሩ ማለት ነው።

በሱረቱል ከህፍ ደግሞ የቤት ጥገናን የሚመስል ታሪክ እናገኛለን። ሙሳና ኸድር (ዐ.ሰ) ወደ አንዲት ከተማ ደርሰው ምግብ ጠየቁ፤ ነዋሪዎቿም ሊያስተናግዷቸው አልፈለጉም። በዚያች ከተማ ሊወድቅ ያዘነበለ ግድግዳ አገኙና ኸድር አቆሙት። ሙሳም ቢፈልጉ ለዚህ ሥራ ሒሳብ መቀበል ይችሉ እንደነበር አነሱላቸው። ኋላ ላይ ግድግዳው የሁለት የቲሞች መሆኑ፣ ከሥሩም ድልባቸው መኖሩ፣ አባታቸውም ደግ ሰው እንደነበር ተገለጸ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ግድግዳ አቁሞ ሒሳብ መጠየቅ ነውር የሌለበት መሆኑን፣ ለችግረኛ ብሎ መተው ደግሞ ከፍ ያለ ደረጃ መሆኑን። ነገር ግን የተወው ባለሙያው ራሱ ፈቅዶ ነው። ባለቤቱ በግድ ያስተወው ሒሳብ ፈድል ሊባል አይችልም፤ እርሱ ዙልም ነው።

በየትኛው ጊዜ ያስከፍላል፣ በየትኛው አያስከፍልም?

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ። ተመልሶ የመምጣት ጉዳይ በአምስት መልኩ ሊታይ ይችላል።

አንደኛው፣ ያው ብልሽት በባለሙያው አሠራር ምክንያት ሲመለስ ነው። ቧንቧውን ሲያገናኝ ቴፍሎኑን በቅጡ አልጠመጠመም፤ ወይም በሙቀት የሚበየደውን የፕላስቲክ ቧንቧ እርጥበቱን ሳያደርቅ በየደው። ጣሪያ ሲጠግን ሚስማሩን በቆርቆሮው ጉብታ ላይ በመምታት ፈንታ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ መታው። ልስኑ ሳይደርቅ ቀለም ቀባና ቀለሙ ተላጠ። በነዚህ ሁሉ ተመልሶ መምጣት በርሱ ላይ ዕዳ ነው። የእጅ ሒሳብ አይጠይቅም፤ የመመላለሻውንም ራሱ ይችላል። በርሱ ጥፋት የተበላሸ ዕቃ ካለም ይተካል። ይህን ሲያደርግ ለባለቤቱ ውለታ ዋልኩ ማለት የለበትም፤ ባለቤቱም ሊለማመጠው አይገባም።

ሁለተኛው፣ ሌላ አዲስ ብልሽት ሲመጣ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዳችሁ ሽቦ ተቃጥሎ በአዲስ ተቀየረ እንበል። በሳምንቱ ምጣዱ አልሞቅ አለ። ባለሙያው መጥቶ ሲያየው ሽቦው ደህና ነው፤ የተቃጠለው የግድግዳው ሶኬት ነው። ሶኬቱ የርሱ ሥራ አልነበረም። ስለዚህ ለመጣበትም ለሠራበትም መጠየቅ ሐላል ነው። «ባለፈው የሠራኸው እኮ ነው» ብሎ መከልከል በሱረቱል ሙጠፊፊን የተወገዙትን፣ የራሳቸውን ሲቀበሉ ሞልተው የሚወስዱ፣ የሰውን ሲሰጡ ግን የሚያጎድሉትን መምሰል ነው።

ሦስተኛው፣ ባለቤቱ ራሱ መንስኤ ሲሆን ነው። ባለሙያው «ይህ ዕቃ አይበረክትም፤ የተሻለውን ይግዙ» ብሎ እየነገረው ርካሹን የመረጠ፣ «ለጊዜው ብቻ ይያዝልኝ» ብሎ ጊዜያዊ ጥገና ያሠራ፣ «እስከ ነገ ውሃ አትክፈቱ» ተብሎ የከፈተ ሰው፣ ዳግመኛ ሲያስጠራ ሒሳቡን ይክፈል። ዋናው መዝጊያ ተዘግቶ ሳለ ሳያይ «ውሃ እምቢ አለኝ» ብሎ ያስጠራም ቢሆን ባለሙያው ለደከመበት ሊክስ ይገባዋል። እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያው ከሥራው በፊት በግልጽ የተነገረ መሆን አለበት። ከተበላሸ በኋላ «ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ነው» ማለት ማስጠንቀቂያ አይባልም።

አራተኛው፣ ሥራው በባሕርዩ ወዲያው የማይፈተን ሲሆን ነው። ይህ በከተማችን በብዛት ያጋጥማል። በአዲስ አበባ በብዙ ሰፈሮች ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ባለሙያው ቀን ላይ በደረቅ ቧንቧ ሠርቶ ይሄዳል፤ ውሃው ሌሊት በኃይል ሲመጣ መገጣጠሚያው ያፈስሳል። ጣሪያም እንዲሁ ነው፤ በጥር የተጠገነ ጣሪያ እውነቱ የሚታወቀው በሐምሌ ዝናብ ነው። እንዲህ ባለው ሥራ ፍተሻው የሥራው አካል ነው። ባለሙያው ውሃው ሲመጣ ተመልሶ ለማየት ወይም በስልክ ለመከታተል ያለበት ግዴታ በመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ እንዳለ ማወቅ አለበት። ዋጋውን ሲናገርም ይህንን አስቦ ይናገር። 1,000 ብር ብሎ ኋላ መመላለሻ ከሚጨምር፣ ከመጀመሪያው 1,200 ብር ብሎ ቃሉን ቢሞላ ለዲኑም ለስሙም ይሻለዋል።

አምስተኛው፣ መንስኤው ሳይታወቅ ሲቀር ነው። አንዳንድ ጊዜ ባለሙያው በቅንነት ሠርቷል፤ ባለቤቱም አልነካውም፤ ነገር ግን ነገሩ መልሶ ተበላሽቷል። የመብራት ኃይል መዋዠቅ ይሁን፣ የዕቃው ጉድለት ይሁን፣ ማወቅ አይቻልም። እዚህ ላይ መፍትሔው ሱልህ፣ ማለትም እርቅ ነው። ሐራምን ሐላል፣ ሐላልን ሐራም እስካላደረገ ድረስ በሙስሊሞች መካከል እርቅ የተፈቀደ መሆኑ በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል። ለምሳሌ ባለቤቱ ዕቃውንና የመመላለሻውን ቢችል፣ ባለሙያው ደግሞ የእጁን ቢተው፣ ሁለቱም ትንሽ ተጎድተው በሰላም ይለያያሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲሸጥም፣ ሲገዛም፣ ሐቁን ሲጠይቅም ገር ለሆነ ሰው የአላህን እዝነት እንደለመኑለት በቡኻሪ ተዘግቧል።

የቀደምቶች አቋም

የባለሙያ ተጠያቂነት አዲስ ጉዳይ አይደለም። በሰሓቦች ዘመን ሰዎች ልብስ ለቀለም ነካሪ፣ ወርቅ ለአንጥረኛ ይሰጡ ነበር። ኢማም ዐሊይ (ረ.ዐ) የእጅ ባለሙያዎች በእጃቸው ለጠፋና ለተበላሸ ነገር ተጠያቂ እንዲሆኑ ማድረጋቸው፣ የሰዎች ጉዳይ ያለዚህ እንደማይስተካከልም መናገራቸው ተዘግቧል። ባለሙያው ሳያጠፋ በእጁ ላይ ስለሚጠፋ ነገር መዝሀቦቹ በዝርዝሩ ይለያያሉ፤ ጥንቃቄ በማጉደሉ ወይም ወሰን በማለፉ ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂ መሆኑ ላይ ግን ልዩነት የለም።

ሳይማሩ ወደ ሙያ መግባትም ከባድ ነገር ነው። ሕክምና ሳይታወቅበት ሰውን ያከመ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን የሚያስረዳ ሐዲስ በአቡ ዳውድ፣ በነሳኢና በኢብኑ ማጃህ ተዘግቧል። ዑለማኦች ከዚህ በመነሳት ሌላውንም ሙያ ይመዝኑበታል። በተለይ ኤሌክትሪክ ነፍስን የሚነካ ነው። ፊውዙ በየጊዜው እየተቃጠለ ያስቸገራቸው ቤተሰቦች «እንዳይመላለስብን» ሲሉ፣ በፊውዙ ቦታ ወፍራም ሽቦ አስሮ የሚሄድ ሰው አለ። እውነት ነው፣ ፊውዙ ከዚያ ወዲያ አይቃጠልም፤ ቤቱ ግን ሊቃጠል ይችላል። ፊውዝ የተቀመጠው ከአቅም በላይ ኃይል ሲመጣ ራሱ ተቃጥሎ ቤቱን እንዲያድን ነው። ወንድሞች፣ ተመልሶ መምጣትን ለማስቀረት ተብሎ የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ መጣል፣ መጉዳትም መጎዳዳትም እንደሌለ ያስተማረውን የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) መመሪያ መጣስ ነው።

ለባለሙያ ወንድሞቻችን

የእጃችሁ ሥራ ክቡር ነው። ነቢዩሏህ ዳውድ (ዐ.ሰ) ጥሩር ሠሪ ነበሩ፤ አላህም በሱረቱ ሰበእ ቀለበቶቹን እንዲመጥኑ አዟቸዋል። አንድ ነቢይ በብረት ቀለበት ልክ ላይ እንዲጠነቀቁ ከታዘዙ፣ በቧንቧ ጥርስና በሽቦ ውፍረት ላይ መጠንቀቅ ዒባዳ የማይሆንበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ አንደኛ፣ የማትችሉትን «እችላለሁ» አትበሉ። ሁለተኛ፣ ተጠርታችሁ ስልክ አትዝጉ። ስልክ መዝጋት ዕዳን አያጠፋውም፤ ሰውን ግን ለሐሜትና ለእርግማን ይዳርገዋል። ሦስተኛ፣ ብልሽቱ የእናንተ ከሆነ «የእኔ ነው» በሉ። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ነውሩን ከገለጡ በንግዳቸው በረካ ይደረግላቸዋል፤ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው ይነሳል። አራተኛ፣ ዕቃ ለመግዛት ወደ መርካቶ ስትላኩ አማና ተሸክማችኋል። ባለ ሱቁ ለእናንተ የሚሰጣችሁን ኮሚሽን በዋጋው ላይ አስጨምራችሁ ለባለቤቱ ሳትነግሩ መውሰድ ክህደት ነው። ትርፍ ከፈለጋችሁ በእጃችሁ ዋጋ ላይ በግልጽ ጠይቁ።

በሌላ በኩል ሐቃችሁን ለመጠየቅ አትፈሩ። ሩቅ ሰፈር ሄዶ ብልሽትን መመርመር ራሱ ሥራ ነው። «መጥቼ ለማየት ይህን ያህል እቀበላለሁ፤ ሥራውን ከሰጡኝ ከሒሳቡ ይታሰባል» ብሎ አስቀድሞ መናገር ችግር የለበትም። ሥራውና ሒሳቡ አስቀድሞ የታወቀ እስከሆነ ድረስ ነገሩ ከኢጃራ የሚቆጠር ነው። የእስልምና ትብብር ድርጅት ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚም በ1998 እ.ኤ.አ. በባሕሬን ማናማ ባካሄደው 11ኛ ጉባኤው የጥገና ውሎችን መርምሮ፣ ሥራውና ዋጋው የታወቀ እስከሆነ ድረስ እንዲህ ያለው ውል የተፈቀደ መሆኑን ወስኗል።

ለባለ ቤቶች

እናንተም አላህን ፍሩ። ሠራተኛን አሠርቶ፣ ሥራውን ሞልቶ ተቀብሎ ሒሳቡን የከለከለ ሰው፣ በቂያማ ቀን አላህ ራሱ ከሚሟገታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ መሆኑ በቡኻሪ ሐዲሰል ቁድሲይ ተዘግቧል። «ሊበላሽ ይችላል» በሚል ሰበብ የተስማማችሁበትን ሒሳብ ወራት መያዝ አይገባም። መፈተሻ ጊዜ የሚያስፈልገው ሥራ ከሆነ፣ ቀሪውን መቼ እንደምትከፍሉ ከመጀመሪያው ተነጋገሩና በቀኑ ክፈሉ።

ከዚህም በላይ፣ ሊያሠሩት የጠሩትን ሥራ ሲጨርስ «እግረ መንገድህን ይህችንም እያት፣ ያችንም ነካ አድርጋት» ማለት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። አንዱን ቧንቧ ሊጠግን የመጣው ሰው ሻወሩን፣ የበሩን ሴራቱራና የመብራቱን ማብሪያ ሠርቶ፣ የአንዱን ሒሳብ ብቻ ይዞ ይሄዳል። ባለሙያው ስላፈረ ዝም ቢል ልቡ ፈቅዷል ማለት አይደለም። የሰው ገንዘብም ሆነ ድካም በልብ ፈቃድ እንጂ ሐላል አይሆንም። በሳምንቱ ያቺ በነፃ የተነካካችው ሴራቱራ ስትበላሽ ደግሞ «ና ሥራህን አስተካክል» ብለን ያለ ሒሳብ ስናስጠራው ሁለት ጊዜ በደልነው ማለት ነው።

የቀጠሮና የቤት አደብንም አንርሳ። ተመልሶ የሚመጣው ሰው ቀድሞ ስለሚያውቀን ብቻ ሳያስፈቅድ የሚገባ አይደለም። እኛም መሕረም በሌለበት ሰዓት ሴትን ብቻዋን ከባለሙያው ጋር እንዳትተው፣ ቀጠሮውን ሰው በሚኖርበት ጊዜ እናድርግ። ቀጠረን ካስመጣነው በኋላ በር ዘግተን መጥፋት ግን የርሱን ቀን መስረቅ ነው።

ይህ ሁሉ ሙስሊም ለሙስሊም ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። ባለሙያው ወይም ባለቤቱ የሌላ እምነት ተከታይ ቢሆን ሐቁ ያው ሐቅ ነው። አላህ በሱረቱል ማኢዳህ የሰዎች ጥላቻ እንኳ ከፍትሕ እንዳያስወጣን አዞናል። ከጎረቤት ጋር በሰላም ለምንኖር ለእኛማ ምን ምክንያት አለን?

አምስት ደቂቃ የሚወስድ ንግግር

ውድ አድማጮች፣ የዚህ ሁሉ መድኃኒት ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚደረግ አጭር ንግግር ነው። ሙስሊሞች በተስማሙባቸው ቅድመ ሁኔታዎች እንደሚታሰሩ በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል። አላህም በሱረቱል በቀራህ ረጅሙን አንቀጽ ያወረደው ስለ ዕዳ አጻጻፍ ነው። በብጣሽ ወረቀት ወይም በስልክ መልእክት አራት ነገር ማስፈር በቂ ነው። የሚሠራው ምንድን ነው? ሒሳቡ በቀን ነው ወይስ በቁርጥ? ዕቃውን ማን ይገዛል? ያው ብልሽት እስከ መቼ ቢመለስ ባለሙያው ያለ ሒሳብ ይመጣል?

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሸሪዓ የቀን ቁጥር አላስቀመጠም። የሚወሰነው በስምምነት፣ ስምምነት ከሌለም በሙያው ልማድ ነው፤ ዑርፍ ዳኛ መሆኑ ከታላላቆቹ የፊቅህ መርሆዎች አንዱ ነውና። ለሥራው የሚስማማውን ምረጡ። ቧንቧ ከሆነ ውሃው ሁለት ሦስት ፈረቃ እስኪመጣ፣ ምጣድ ከሆነ ጥቂት ጊዜ እንጀራ እስኪጋገርበት፣ ጣሪያ ከሆነ አንድ ክረምት እስኪያልፍ ማለት ይቻላል። «እስከ ዘላለም» ማለት ግን ለባለሙያው የማይችለው ሸክም፣ ለውሉም ገረር ነው።

ባለሙያው «እማማ፣ ይህ መገጣጠሚያ እስከ ወሩ መጨረሻ ካንጠባጠበ ያለ ምንም ሒሳብ እመጣለሁ፤ ሌላ ቦታ ከተበላሸ ግን እንደ አዲስ ነው» ቢል፣ እናትየዋም «እሺ ልጄ፣ ውሃው ሌሊት ሲመጣ አይቼ ጠዋት እደውልልሃለሁ» ቢሉ፣ ከመጀመሪያው ምሳሌያችን ላይ ያየነው ጭቅጭቅ አይነሳም ነበር።

ተነጋግረው ሳሉ ከተጋጩም ነገሩን ሁለቱም ወደሚያምኑት ሌላ ባለሙያ ወስደው የብልሽቱን መንስኤ ያስመርምሩ። ከዚያም ካልተስማሙ ወደ ሰፈራቸው ዓሊም ወይም ሽማግሌዎች ይሂዱ። መንስኤውን መለየት የባለሙያ፣ ብይኑን መስጠት የዓሊም ሥራ ነው።

በጥቅሉ የገዛ ሥራውን ጉድለት ለማረም የመጣ ባለሙያ ዕዳውን እየከፈለ ነው፤ ሒሳብ አይጠይቅ። ለአዲስ ሥራ የመጣ ባለሙያ ሐቅ አለው፤ ሐቁ ይሰጠው። ያልታወቀውን በእርቅ እንጨርሰው። ከዚህ በላይ ለባልቴት፣ ለየቲምና ለችግረኛ ብሎ የተወ ባለሙያ ምንዳውን ከአላህ ያገኛል። ከተስማማው በላይ ጨምሮ የሰጠ ባለቤትም እንዲሁ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ቤታችንን የሰላም ያድርግልን። በእጃቸው ለሚሠሩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በረካውን ይስጣቸው። የሰው ሐቅ ተሸክመን ከርሱ ፊት ከመቆም ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።